ከስልሳኛው ፊደል በኋላ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

ለአንድ ፎቶ ግማሽ ገጽ ስም የሚያወጣ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። አለ። ዉቦ ይባላል። ከኔ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ ሰርቨሩን በስም ሞልቶት ሊሄድ ነው።

ሥራችን ከባድ አይደለም። እዚህ ግሮኒንገን ለዓመታት ከመሬት ሥር ጋዝ ሲቀዳ ኖረ፤ አሁን ገጠሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቤት ይሰነጠቃል። የኛ ለኪዎች ሄደው ስንጥቁን ፎቶ ያነሳሉ፣ ከወራት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ያነሳሉ። ስንጥቁ ሰፍቶ ከተገኘ ጥፋቱ የመንቀጥቀጡ ነው፣ ቤቱ ይጠገናል። ካልሰፋ «ቤቱ አርጅቷል» ይባላል፣ ባለቤቱም ደህና ሁን ይባላል። ፎቶውን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። አሁን ሁሉንም ወደ አዲስ ማከማቻ እያዛወርኩ ነው። አዲሱ ማከማቻ ደግሞ የማህደሩ፣ በማህደሩ ውስጥ ያለው ማህደርና የፋይሉ ስም ተደምሮ ከሁለት መቶ ስልሳ ፊደል ካለፈ አልቀበልም ይላል። ደግ አደረገ። እኔም አልቀበልም።

የዉቦን አንዷን እዚህ ልገልብጣት፣ ትታይ፦

ኡስተርዌርት_የድሮው-ቤተክርስቲያን-መንገድ-14_የወይዘሮ-ኤልትየ-ሃውዚንጋ-ቤት_ሐሙስ-ኤፕሪል-10_ካፊያ_ሰሜን-ግድግዳ_ከመኝታ-ቤቱ-መስኮት-በላይ_ስንጥቅ-7

ይሄ ስም ነው ወይስ የሰርግ ጥሪ?

«ዉቦ፣ ካፊያው ለማን ነው?» አልኩት።

«እርጥብ ግድግዳ ላይ ስንጥቁ ጠቁሮ ነው የሚታየው። የሚያየው ሰው ይወቀው ብዬ ነዋ።»

«እሺ፣ ዋናው ስንጥቁ አይደል? መጨረሻ ላይ ምን ይሠራል?»

«መጀመሪያ መንደሩ፣ ከዚያ ቤቱ፣ ከዚያ ባለቤቷ፣ ከዚያ ግድግዳው። አንቺ በር ሳታንኳኪ ሰው ጓዳ ትገቢያለሽ እንዴ?»

ድንቄም በር ማንኳኳት! እኔ ሥራ ስጀምር የሚፈቀድልን ስምንት ፊደል ነበር። ስምንት! ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ሦስት ፊደል፣ አለቀ። ያኔ ሰው አስቦ ነበር ስም የሚያወጣው። ዛሬ ገመዱን አረዘሙላቸው፣ ይኸው ይፈነጩበታል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ለምኜ፣ መክሬ፣ ማሳሰቢያ ልኬ አልሆነም። ራሴ ቆረጥኩት። ማህደሮቹ ሁለት መቶውን ይወስዳሉ፣ ለስሙ ስልሳ ይበቃዋል ብዬ ከስልሳ ፊደል በላይ ያለውን ሁሉ የሚጎርድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ለቀቅኩበት።

ኮምፒዩተሩ ደግሞ እንደ ልጅ በየደቂቃው ይነተርከኛል። «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፤ ይተካ?» ይተካ። «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፤ ይተካ?» አሁንስ አበዛው። «ለሁሉም አዎ» የምትለዋን ተጫንኩና ሾርባዬን ልበላ ወረድኩ። ስመለስ አልቆ ጠበቀኝ። ዉቦ በሕይወት ዘመኑ ያልጨረሰውን እኔ በአንድ ሾርባ ጨረስኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ድሮ ሁለት ትልልቅ ዲስክ ጢም አድርጎ የሞላው የዉቦ ጉድ ዛሬ የአንዷን ጥግ እንኳ አልሞላም። አለቃችን ራይንት አይቶ አፉን ያዘ።

«አንቺ ሴት፣ አስማተኛ ነሽ እንዴ?»

«አስማት አይደለም፣ ጽዳት ነው። አብዛኛው ድግግሞሽ ነበር» አልኩት።

ድግግሞሽ መሆኑን አንድ በአንድ አላየሁም። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ችኮላ ላይ ነኝ። የድሮዎቹን ዲስኮች የሚፈጨው መኪና መጣ። በሕጉ መሠረት የሰው ቤት ፎቶ ሁለት ቦታ አይቀመጥም፤ ሕጉን በዚህ ቢሮ ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። የካሜራውም ካርድ ፎቶውን እንደተረከብኩ እንዲጠፋ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዉቦ «አንድ ቅጂ ለራሴ ብይዝስ?» ብሎ ነበር ያኔ። ተቆጥቼዋለሁ። መፍጫው ዲስክ ሲበላ ደስ የሚል ድምፅ አለው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

በቡና ማሽኑ በኩል ሳልፍ ራይንት በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «አዎ፣ የሱ ፎቶዎች ያንሳሉ። በጣም ያንሳሉ። ምን ላድርግህ፣ አርጅቷል።» ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

እኔ ድሮም ብያለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ከፍቼ አየሁት። ዉቦ በሄደበት ቤት ሁሉ፣ በሄደበት ቀን ሁሉ፣ አንድ ፎቶ ብቻ። እሱም ስንጥቅ አይደለም! ባለቤቶቹ በራቸው ላይ ቆመው ሲስቁ። አንዱ ቦታ ባልና ሚስት፣ አንዱ ቦታ አንድ አዛውንት ከነውሻው፣ ኡስተርዌርት ላይ አንዲት አሮጊት ሽርጧን እንደታጠቀች። ስለ ጥገናው የሚወስነው ኮሚሽን ይህን አይቶ ምን ይበል? «ቤቱም ሰዉም ደህና ነው» ነዋ።

የዉቦ ልማድ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ለክቶ ሲጨርስ ሰዎቹን በር ላይ አቁሞ አንድ ያነሳላቸዋል። «ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ሲታመም ሳይ ውዬ እንዴት ሳልሰናበት እወጣለሁ?» ይላል። እንግዲህ ሌላውን ትቶ ስንብቱን ብቻ ሲያነሳ ከርሟል ማለት ነው። ወይ ለኪ!

ራይንት ጠራው። እኔም ነበርኩ።

«ሁሉንም አንስቻለሁ» አለ ዉቦ።

«ታዲያ የት ሄዱ?»

ዉቦ ወደ እኔ ዞረ። «ፌና፣ ለአንቺ አይደል ያስረከብኩት?»

ምን ማለቱ ነው? ያስረከበኝን አስቀምጫለሁ። በሩ ላይ ያሉትን እንኳ አልጣልኩበትም። ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ ተባለ። ኮቱን ሲለብስ እጅጌው ጠፍቶት ትንሽ ታገለ። አላገዝኩትም፤ ስልክ ይዤ ነበር።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

የጎረቤቴ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ። እንቅልፍ የለም።

ራይንት ስለ ዉቦ ሥራ ሁለት መስመር ጻፊልኝ አለ። ጻፍኩለት። ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

የኮሚሽኑ የውሳኔ ደብዳቤዎች እየወጡ ነው። የዉቦ ቤቶች ሁሉ፦ የእርጅና ስንጥቅ፣ የእርጅና ስንጥቅ፣ የእርጅና ስንጥቅ። ሰዉ እንደ በግ አንገቱን ደፍቶ ተቀብሏል፤ ይህ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይፈራል። አቤት ያሉት የኡስተርዌርቷ ወይዘሮ ኤልትየ ብቻ ናቸው። ባለ ሽርጧ።

ለችሎቱ አሁን ያለውን ሁኔታ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ለኪዎቹ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። ራይንት «አንቺ ካሜራ ትይዢያለሽ አይደል?» አለኝ። እንግዲህ ዲስክ ጠባቂም ግድግዳ ለኪ ሆነች!

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ሄድኩ። ሌላ ነገር እንዳልጽፍ ይህን ብቻ ልጻፈውና ልተኛ።

የቤቱ ጎን በሦስት ወፍራም ግንድ ተደግፏል። ግንዱ ባይኖር ግድግዳው ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር። ወይዘሮ ኤልትየ በሩን ከፍተው ከላይ እስከታች አዩኝ።

«ዉቦ የታለ?»

«እቤቱ ነው። እኔ ፌና ነኝ፣ ከቢሮው።»

«ኮምፒዩተሯ ላይ የምትቀመጪው?»

«አዎ።»

«ነግሮኛል ስላንቺ። ስሙ ረዘመ እያልሽ ትቆጪዋለሽ አሉ። ግቢ፣ ጫማሽን ጥረጊ።»

የሚተኙት ኩሽና ውስጥ ነው። አልጋቸውን ከምድጃው ጎን ዘርግተዋል፤ መኝታ ቤቱ ያ ግድግዳ ሥር ስለሆነ። ይግባኙ ካልተሳካ ምን እንደሚሆን እሳቸው ከኔ በላይ ያውቃሉ፦ ማዘጋጃ ቤቱ ቤቱ አደገኛ ነው ብሎ ያሽገዋል፣ እርጅና ነው ስለተባለ ደግሞ ምትክ የሚሰጥ የለም። «እኔን ያሽጉኛል በይው» አሉ፣ የሰናፍጭ ሾርባቸውን እያማሰሉ።

አፌን ለመክፈት ያህል «ዉቦ እዚህ ብዙም አልቆየ መሰለኝ፣ በኤፕሪል» አልኩ።

ማማሰያውን አቆሙ።

«አልቆየ? ከጠዋት እስከ ማታ ነው የቆየው! እያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ማስመሪያውን እኔን ነው ያስያዘኝ። 'ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉት' እያለ። እጄ ዝሎ በማግሥቱ ድስት ማንሳት አቃተኝ። በመጨረሻ ደግሞ በር ላይ አቁሞ ይሳቁ አለኝ። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ።»

ያን ጊዜ ነው የመጣው። ከሥር፣ ትልቅ መኪና በቅርብ እንደሚያልፍ ዓይነት ጉምጉምታ፣ ከዚያ መብራቱ ተወዛወዘ፣ ሰሃን ከሰሃን ተንቀጫቀጨ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ። እኔ የምኖረው ከተማ፣ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው፤ ስለዚህ ነገር የማውቀው በፋይል ነው። ወይዘሮ ኤልትየ ሾርባው እንዳይፈስ የድስቱን ጆሮ ይዘው ጠበቁና ማማሰላቸውን ቀጠሉ።

«ትንሿ ናት» አሉኝ። «ተቀመጪ፣ ብዪ። ፊትሽ አመድ መሰለ።»

በላሁ። ፎቶውን አነሳሁ። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴ ገባ። በኤፕሪል ምን ያህል እንደነበር ግን አሁን የሚያውቅ የለም።

አሮጊት ሰው ደግሞ ያጋንናል። ከጠዋት እስከ ማታ ያሉት ሁለት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ማሞቂያው። ስብሰባ። ምንም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ዝናብ ስለሆነ ቤት ዋልኩ። ለጨዋታ ያህል ሦስት የራሴን ፎቶ ወሰድኩ፤ የብስክሌቴን፣ የመስኮቴን፣ የጫማዬን። እንደ ዉቦ ረጅም ስም ሰጠኋቸው፣ መጀመሪያው አንድ ዓይነት፣ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ። ፕሮግራሜን ለቀቅኩበት። ጠየቀኝ። ለሁሉም አዎ አልኩት።

ሦስት ገባ። አንድ ወጣ። ጫማዬ።

ፕሮግራሙ ስህተት የለበትም፤ ያዘዝኩትን ነው የሠራው። ስህተቱ ዋናውን ነገር ጅራት ላይ የሚያስር ሰው ነው። በሩን አንኳኩቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ከዚያ ነው ጉዳዩን የሚናገረው። እኔ ታዲያ ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ? ጥንቆላ አልተማርኩም።

ኮምፒዩተሩ ግን ጠይቆኝ ነበር። ስንት ጊዜ ጠየቀኝ።

ማሞቂያው ዛሬ ዝም ብሏል። ጎረቤቴን ብጠይቀው ካስጠገነው ወር አልፎታል፣ ከዚያ ወዲህ አንኳኩቶ አያውቅም አለኝ። ምን ሲንኳኳ እንደምሰማ እንጃ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ልደቴ ነው። በዚህ አገር የራስህን ልደት ራስህ ኬክ ገዝተህ፣ ራስህ ቆርሰህ፣ ከዚያ ሁሉም በየተራ እጅህን ሲጨብጥህ ደስተኛ መምሰል አለብህ። ገዛሁ፣ ቆረስኩ፣ መሰልኩ።

ከሰዓት በኋላ ዉቦ መጣ። ግቢ አትድረስ የተባለ ሰው! በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ የእንቁላል ኳስ፣ የዚህን አገር ጥብስ፣ ይዞልኛል፣ ከጣቢያው ጎን ካለው መጥበሻ ቤት።

«እንኳን ተወለድሽ። ኬክ እንደማትወጂ አውቃለሁ።»

በምን አወቀ? ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«ዉቦ፣ እዚህ ብትታይ ራይንት ይቆጣል» አልኩት።

«ይቆጣ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስታዛውሪው መጠኑ ልክ ነበር? የገባውና የወጣው?»

«አሁን ልደቴ ነው ወይስ ምርመራ ነው?»

«ልክ ነሽ፣ ይቅርታ» አለና ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ። ይቅርታ አለኝ። እሱ!

የተጠቀለለ ሊጥ ውስጥ ያለ እንቁላል አልወድም። ሁሉንም በላሁት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ራይንት በሩን ዘጋ። ችሎቱ ዲሴምበር አራት ነው፤ ስለ ማዛወሩ ከጠየቁ የምመልሰው እኔ ነኝ።

«ሁሉም በደንቡ ተዛውሯል ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። በቃ።»

«ራይንት፣ የፋይሎቹ ስም ሲቆረጥ...»

እጁን አነሳ። «አትንገሪኝ።»

«ሳልጨርስ?»

«ሳትጨርሺ። አልሰማሁም፣ አላውቅም። ከኮሚሽኑ ጋር ያለን ኮንትራት በጃንዋሪ ይታደሳል። ካልታደሰ አንቺም እኔም ሥራ ፈላጊ ነን። በሃምሳ አንድ ዓመትሽ ማን ይቀጥርሻል? ዉቦ እንደሆነ በየትኛውም መንገድ ወጪ ነው።»

ወጪ ነው! እንደ ሻንጣ። ፈሪ። ሱሪውን እንኳ ሚስቱ ናት የምትመርጥለት። ከሱ ጋር አንድ ወገን መሆኔ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 1

የዲሴምበሩ በዓል ቸኮሌት ተከፋፈለ፣ እንደ አገሩ ልማድ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ የተሠራ። የዉቦን ማንም አላነሳለትም፤ ባዶ ጠረጴዛው ላይ አቧራ እየለበሰ ነው።

ዛሬም ዝም አልኩ። ነገ እነግራለሁ የሚል ሰው ዛሬ የማይነግር ሰው ነው። ይህን ሌላ ሰው ላይ ባየው እስቅበት ነበር።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ችሎቱ የኡስተርዌርት የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ለአንዲት አሮጊት ይግባኝ ብዬ ባዶ ወንበር ጠብቄ ነበር የሄድኩት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ያ ሁሉ ደብዳቤ የደረሰው ሰው፣ ከዚህም ከጎረቤት መንደሮችም፣ የሳቸውን ነገር ሊሰማ መጥቷል። አንዳንዱን በፊቱ አወቅኩት። በሩ ላይ ሲስቅ ነው የማውቀው። ዛሬ የሚስቅ የለም።

ዉቦ ክራባት አስሮ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ኤልትየ ከጎኑ፣ ያለ ሽርጥ።

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ጠንቃቃ ሴት ናት፣ ቃሏን እየለካች የምትናገር። ዉቦን ጠየቀችው፤ ሁሉንም አንስቻለሁ አለ። ፎቶዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀችው፤ አላውቅም አለ። ከዚያ አንድ ወረቀት አነሳች።

«እዚህ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ አስተያየት አለኝ። 'ለአንድ ፋይል እንኳ በቅጡ ስም ማውጣት የማይችል ሰው ሥራውን በቅጡ ይሠራል ብዬ አላምንም።' ወይዘሮ ፌና፣ የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

በኔ አፍ ውስጥ ሳለ ቀልድ ነበር። ሲነበብ ግን አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አልሳቀም። ዉቦ ብቻ ትንሽ ፈገግ አለና «ስሙስ በእርግጥ ይረዝም ነበር፣ እሷ ልክ ናት» አለ። ጭራሽ ለኔ ይከራከርልኛል! ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ስድብ እችልበታለሁ፤ መልሱንም አላጣም ነበር። ይህን ግን የት ላድርገው?

«እንግዲህ» አለች ሰብሳቢዋ፣ «በማዛወሩ ጊዜ የጠፋ ነገር ነበር?»

ራይንት የጫማውን ጫፍ ያያል።

«ነበር» አልኩ።

ራይንት ቀና አለ።

«ምን ያህል?»

«ስሞቹን ስልሳ ፊደል ላይ ቆረጥኳቸው። ሲቆረጡ የአንድ ቤት ፎቶዎች ሁሉ አንድ ስም ሆኑ። ኮምፒዩተሩ አንዱን በሌላው ላይ ጻፈው፤ በፊት ያለውን እያጠፋ፣ መጨረሻ የተነሳው እስኪቀር ድረስ። ዉቦ መጨረሻ ላይ የሚያነሳው ሰዎቹን ነው። የድሮዎቹን ዲስኮችም አስፈጭቻቸዋለሁ። ዉቦ ያላነሳው ነገር የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢዋ ከሁለቱ ጓደኞቿ ጋር ተንሾካሾከች፤ የወይዘሮ ኤልትየ ውሳኔ ተሽሯል፣ ግንዱ አይነሳም፣ ቤቱም አይታሸግም፣ እንደገና ይለካል አለች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ቁጭ ልል ነበር። አልዋሽም፣ ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኛል፤ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ ኤልትየ ግን ብድግ አሉ። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

«ቆይ» አሉኝ። «የኔ ቤት ብቻ ነው?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የማስበው ስለ አንድ ዉቦና ስለ አንዲት አሮጊት ነበር። ሌላው ፋይል ነበር።

«አይደለም» አልኩ።

ከመሐል አንዲት ሴት ተነሳች። «ኋላ መንገድ ቁጥር ሦስት። የኔስ?»

«የርስዎም።»

«የዳቦ ቤቱስ?»

«እሱም።»

«የእናቴስ? ከወፍጮው ማዶ ያለው?»

«የሳቸውም።»

ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መታች፤ ማን ሊሰማት። አንዱ ሲቀመጥ አንዱ ይነሳል፣ መንገዱንና ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ማንም አልሰደበኝም። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው ተነሱ፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«እኔ ደብዳቤውን አምኜ ነበር» አሉ። «ቤትህ አርጅቷል ሲሉኝ እኔም አርጅቻለሁ ብዬ ላሞቹን ሸጥኩ። ቤቱንም ለቅቄ ከልጄ ዘንድ ገባሁ። የኔስ?»

«የርስዎም» አልኳቸው።